ሰባ ስድስት ዶቃ

ቱቦው ከትንሿ ጣት ጥቂት ይረዝማል። ክዳኑ ሐምራዊ ነው። በውስጥ ግድግዳው ላይ ኢዲቲኤ የሚባል ጨው ተረጭቶ ደርቋል። ደም ሲገባበት ይህ ጨው ካልሲየሙን ይይዛል፤ ካልሲየሙ የተያዘበት ደም ደግሞ አይረጋም። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ቱቦውን እንደሞላች አልነቀነቀችውም። ገለበጠችው፣ መለሰችው፣ እንደገና ገለበጠችው። ቆጠርኩ፤ ስምንት ጊዜ። ቢናጥ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ። ሳይገለበጥ ቢቀር ጨውና ደሙ በደንብ አይገናኙም። በእጇ ላይ ጥድፊያ አልነበረም።

ቱቦው ከማሽከርከሪያው ሲወጣ ደሙ ተለያይቷል። ከባዱ ቀይ ከታች፣ በመሐል እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር፣ ከላይ ፕላዝማ። የፕላዝማው ቀለም የብርዝ ነው። መለኪያ ማሽኑ ከዚያ የሚወስደው ከአንድ ጠብታ ያነሰ ነው። የሚፈልገው ነገር ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ይባላል። ልብ ሆርሞን ሲሠራ ተቆርጦ የሚወድቅ ቁራጭ ነው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ሕመሙ ወዴት እንደሚያመራ ለመገመት ሐኪሞች ዛሬ ከማንኛውም የደም ምርመራ ይልቅ የሚተማመኑት በዚህ ቁራጭ ነው። ለምን ከሆርሞኑ ይልቅ ቁራጩ ተመረጠ? የሥራውን ማማር ያየሁት ይህን ስከታተል ነው።

አስቀድሞ መጠኑን እንይ። ሕመሙ ረጋ ብሎ በሚሄድ ሰው ላይ የልብ ድካምን ለመጠርጠር የሚያገለግለው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 125 ፒኮግራም ነው። ፒኮግራም ማለት አንድ ግራም ለትሪሊዮን ሲከፈል የሚደርሰው አንዱ ድርሻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል እንበል። ያንን ስኳር 13 የኦሎምፒክ መዋኛ ገንዳዎችን በሚሞላ ውሃ ውስጥ ብንበትነው የምናገኘው ቅጥነት ይኸው ነው። በሌላ ዓይን ሲታይ ግን ትንሽ አይደለም። በዚያው አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ቁራጮቹ በቁጥር ወደ 9 ቢሊዮን ይደርሳሉ። ማሽኑ የሚቆጥረው የሚቆጠር ነገር ስላለ ነው።

የነገሩ መነሻ አንድ ያልተጠበቀ እይታ ነው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በመጣበት ዘመን በላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች ሕዋሳት ውስጥ ጥቋቁር ከረጢቶች ታዩ። እንዲህ ያለ ከረጢት የሚገኘው ሆርሞን በሚያመነጩ ዕጢዎች ውስጥ ነበር። ልብ ግን ደም የሚገፋ ጡንቻ እንጂ ዕጢ ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። በካናዳዋ ኪንግስተን ከተማ ይሠሩ የነበሩት አዶልፎ ደ ቦልድ የከረጢቶቹ ብዛት በሰውነት ውስጥ እንዳለው ውሃና ጨው መጠን እንደሚለዋወጥ አስተዋሉ። ከዚያም ከአይጥ ልብ የላይኛውን ክፍል ፈጭተው ጭማቂውን ወደ ሌሎች አይጦች ደም ሰጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ታተመ፦ በሽንት የሚወጣው ጨው ከ30 እጥፍ በላይ ጨመረ፤ የሽንቱ መጠን 10 እጥፍ ሆነ። ልብ በሆርሞን ለኩላሊት መልእክት እንደሚልክ የታወቀው በዚህ ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሱዶ፣ ካንጋዋ፣ ሚናሚኖና ማትሱኦ ከአሳማ አንጎል የዚህን ሆርሞን ዘመድ አወጡ። ከአንጎል ስለተገኘ በአንጎል ስም ተጠራ፤ ቢኤንፒ ከሚለው ምሕጻር «ቢ» የምትለዋ ፊደል አንጎልን ነው የምትወክለው። ኋላ ሲፈተሽ በብዛት የሚሠራው በታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን አልተቀየረም።

ሁለቱ ዘመዳሞች በአሠራር ይለያያሉ። የመጀመሪያው ሆርሞን ተሠርቶ በከረጢት ይቀመጣል፤ ሱቁ ውስጥ የተዘጋጀ ዕቃ እንደሚደረድር ነጋዴ። ቢኤንፒ ግን እንደ ሸማኔ ነው፤ ድሩ የሚደራው ትእዛዝ ሲመጣ ነው። ትእዛዙ የልብ ግድግዳ መለጠጥ ነው። የታችኛው ክፍል ደም በዝቶበት ወይም ግፊት ከብዶበት ሲወጠር ዘረ መሉ ይነቃል፤ የሥራው ትእዛዝም አርኤንኤ በሚባል ክር ላይ ይጻፋል። የዚህ ክር ጫፍ ላይ «ኤ-ዩ-ዩ-ዩ-ኤ» የሚል የአምስት ፊደል ምልክት ይደጋገማል። ትርጉሙ «ቶሎ አጥፉኝ» ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ብዙ አይቆይም። ግድግዳው መለጠጡን ካላቆመ ትእዛዙ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ ካቆመ ሥራው ይቆማል። በደም ውስጥ ያለው መጠን የግድግዳውን ውጥረት የሚከተለው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ዶቃዎቹ እንምጣ። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ዶቃዎች በአንድ ክር የተሰኩበት ነገር ነው። ልብ መጀመሪያ የሚሰካው 134 ዶቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ 26 መንገድ መሪ ናቸው፤ ክሩን ወደ መውጫው ካደረሱት በኋላ ይቆረጣሉ። 108 ይቀራል። ከዚያ ሁለተኛው ቁርጥ ይመጣል። ኮሪን እና ፉሪን የሚባሉ ኢንዛይሞች በ76ኛውና በ77ኛው ዶቃ መካከል ይቆርጣሉ። የኋለኛው 32 ዶቃ ቢኤንፒ ነው፤ ሠራተኛው ሆርሞን። የፊተኛው 76 ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ነው፤ ቁራጩ።

ሆርሞኑን በእጃችን ላይ ብናገላብጠው 10ኛው ዶቃና 26ኛው ዶቃ በድኝ ተያይዘው እናገኛቸዋለን። ሁለቱ ሲያያዙ 17 ዶቃ ያለው ቀለበት ይፈጠራል። ከቀለበቱ በፊት 9 ዶቃ፣ ከቀለበቱ በኋላ 6 ዶቃ ይተርፋል። አንጥረኛ የብር አምባር ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ እንደሚዘጋው ነው። ይህ ቀለበት በኩላሊትና በደም ሥር ሕዋሳት ላይ ካለው መቀበያ ጋር ይገጥማል፤ ሲገጥም ጨው ይወጣል፣ ደም ሥር ይሰፋል። ያ የድኝ ማያያዣ ከተፈታ ቀለበቱ አይገጥምም፣ ሆርሞኑም አይሠራም።

ቁራጩ ግን ቀለበት የለውም። ቅርጹ የላላ ነው። የታወቀ ሥራም የለውም። ዋጋ የሚሰጠው ይኸው ነው። ሠራተኛውን የሚጠብቁት ብዙ ናቸው፦ አንዱ መቀበያ ይውጠዋል፣ ኔፕሪላይሲን የሚባል ኢንዛይም ይበጥሰዋል። በ20 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። ቁራጩን ያን ያህል የሚፈልገው የለም። ኩላሊት ያጣራዋል፤ ግማሹ እስኪጠፋ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በቱቦ ውስጥም እንደዚሁ ነው። ቢኤንፒ በሰዓታት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፤ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ደግሞ ይብስበታል፤ ለዚህ ነው በፕላስቲክ የሚቀዳው። ቁራጩ በክፍል ሙቀት ለቀናት ይቆያል። ናሙና ከገጠር ጤና ተቋም ተነሥቶ ከተማ ላብራቶሪ እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

አንድ ሆርሞን በተሠራ ቁጥር አንድ ቁራጭ ይወድቃል። አናጢ ቤት የገባ ሰው ዕቃዎቹ ተሸጠው ቢያልቁ እንኳ ወለሉ ላይ ያለውን ፍቅፋቂ አይቶ የሥራውን ብዛት ይገምታል። ይህ ንጽጽር እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የበለጠ እውነት ሆኗል። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ለሕክምና የተፈቀደ ሳኩቢትሪል ያለበት መድኃኒት ኔፕሪላይሲንን ያግደዋል። ሆርሞኑ ሳይበጠስ ስለሚቆይ በደም ውስጥ ሊጨምር ይችላል፤ በሽተኛው እየተሻለው እያለ ቢኤንፒው የባሰበት ሊመስል ይችላል ማለት ነው። ኔፕሪላይሲን ግን ቁራጩን ነክቶት አያውቅም። ስለዚህ መድኃኒቱን በሚወስድ ሰው ላይ ሐኪሙ የሚያምነው ቁራጩን ነው።

በዚያ ሁሉ ፕሮቲን መካከል ይህን ቁራጭ ለይቶ መያዝ ሌላ ጥበብ ነው። ሥራው በሁለት እጅ ይሠራል። እጆቹ አንቲቦዲዎች ናቸው። በብዙ ቦታ በሚሠራበት ዘዴ አንዱ እጅ ከ27ኛው እስከ 31ኛው ያሉትን አምስት ዶቃዎች ብቻ ያውቃል። ሌላው ከ42ኛው እስከ 46ኛው ያሉትን አምስት። በመካከላቸው አሥር ዶቃ አለ፤ ሁለቱ እጆች ሳይጋፉ ጎን ለጎን ለመያዝ ይበቃቸዋል። አንድ እጅ ብቻ የያዘው ነገር አይቆጠርም። ክሩ በእነዚህ መካከል ከተበጠሰም አይቆጠርም።

የመጀመሪያው እጅ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ታስሮበታል። ሁለተኛው ሩቴኒየም የሚባል ብረት ተሸክሟል። ሦስቱ፣ ማለት ሁለቱ እጆችና ቁራጩ፣ ከተያያዙ በኋላ በማግኔት የሚሳቡ ደቃቅ ቅንጣቶች ይጨመራሉ። ቅንጣቶቹ ስትሬፕታቪዲን በሚባል ፕሮቲን ተለብጠዋል፤ እያንዳንዱ ስትሬፕታቪዲን ባዮቲን በልኩ የሚገባባቸው አራት ኪሶች አሉት። በተፈጥሮ ውስጥ ከሚታወቁት መያያዞች ሁሉ ከጠንካሮቹ አንዱ ይህ ነው። ማግኔት ቅንጣቶቹን ወደ ኤሌክትሮድ ይስባቸዋል። ያልተያያዘው ይታጠባል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ሩቴኒየሙ ብርቱካናማ ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ ሰጥቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ተመልሶ እንደገና ይሰጣል። ብርሃኑ ይለካል። ሁሉም ነገር 18 ደቂቃ ይፈጃል።

እዚህ ላይ ሁለት ስንጥቆች አሉ፤ ጥሩ ሥራን በቅርብ ያየ ሰው ስንጥቁንም ማየት አለበት። አንደኛው ባዮቲን ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን በብዛት የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ ትርፍ ባዮቲን ይኖራል። ያ ትርፍ ኪሶቹን ቀድሞ ሊሞላቸው ይችላል፤ ውጤቱም ከእውነቱ ያንሳል። ሁለተኛው ስኳር ነው። ልብ ቁራጩን ሲሠራ አንዳንድ ዶቃዎች ላይ የስኳር ጉንጉን ይጨምራል። ስኳሩ 44ኛው ዶቃ ላይ ካረፈ ሁለተኛው እጅ መያዣ ያጣል፤ ያ ቁራጭ ሳይቆጠር ያልፋል። 71ኛው ላይ ካረፈ ደግሞ መቁረጫ ኢንዛይሙን ይከለክለዋል፤ 108ቱ ዶቃ ሳይቆረጥ ወደ ደም ይወጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቁጥር በደም ውስጥ ያለው ሁሉ አይደለም። እጆቹ መያዝ የቻሉት ነው። ቁጥሩ የሚያገለግለው ሁልጊዜ በእነዚያው እጆች ስለሚያዝ ነው፤ በሌላ ማሽንና በሌላ አንቲቦዲ የወጣን ቁጥር ከዚህ ጋር ማወዳደር አሳሳች ነው።

ቁጥሩ ስለ ነገ ምን ይናገራል? ቫል-ሄፍት በተባለው ትልቅ ጥናት ወደ 4,300 የልብ ድካም ሕሙማን ገና ሲገቡ ሆርሞኑ ራሱ፣ ቢኤንፒ፣ ተለካላቸው። በቁጥሩ ቅደም ተከተል በአራት እኩል ቡድን ተከፈሉ። ከ41 ፒኮግራም በታች ከነበሩት መካከል በክትትሉ ጊዜ የሞቱት 9.7 በመቶ ነበሩ። 238 እና ከዚያ በላይ ከነበሩት 32.4 በመቶ። መካከለኞቹ ሁለት ቡድኖችም በየደረጃቸው በመካከል ወደቁ። ደረጃው እንዲህ የተስተካከለ ሲሆን ደስ ይላል፤ ነገር ግን አሁንም ላገላብጠው። ከከፍተኛው ቡድን ሁለት ሦስተኛው በሕይወት ነበሩ። ቁጥሩ ስለ ቡድን ይናገራል፤ ስም አይጠራም። ሐኪም ይህን ቁጥር ይዞ ለአንድ ሰው የዕድሜ ገደብ ሊነግረው አይችልም።

ከአንድ ቁጥር ይልቅ የሁለት ቁጥሮች ልዩነት የበለጠ ይናገራል። ሆስፒታል የተኛ ሰው ሲወጣ ቁራጩ ከገባበት ከ30 በመቶ በላይ ከወረደ ቀጣዮቹ ወራት የተሻሉ የመሆን ዕድላቸው ይጨምራል። ካልወረደ ወይም ከወጣ፣ የእግሩ እብጠት ቢጎድልም፣ ሲተኛ ሁለት ሦስት ትራስ መደረቡን ቢተውም፣ የልቡ ግድግዳ ገና አላረፈም።

ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች ቁጥሩን እያሳደዱ ማከም ይቻላል ብለው አሰቡ። በአሜሪካና በካናዳ የተደረገው ጋይድ-አይቲ የተባለ ጥናት 894 ሕሙማንን ይዞ ይህን ፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤት ቁጥሩን ተከትሎ ማከም ከመደበኛው ጥሩ ሕክምና እንደማይበልጥ አሳየ፤ ጥናቱም ከጊዜው በፊት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ስትሮንግ-ኤችኤፍ 1,078 ሕሙማንን ይዞ ቁጥሩን በሌላ ቦታ አስቀመጠው። መድኃኒቶቹ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሙሉ መጠናቸው እንዲደርሱ ተደረገ፤ ቁራጩ ደግሞ ፍሬን ሆነ። ሆስፒታል ሲወጡ ከነበረው ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ቤታ ብሎከር የሚባለውን መድኃኒት ከፍ ማድረጉ ይቆያል፣ የሽንት መድኃኒት ይታሰባል። በ180 ቀን ውስጥ የሞቱት ወይም ለልብ ድካም ተመልሰው የተኙት 15.2 በመቶ ሆኑ፤ በተለመደው ክትትል 23.3 በመቶ። እኔ ከዚህ የተረዳሁት ቁራጩ ቦታውን ሲያገኝ እንዴት እንደሚያገለግል ነው።

ሌሎች ጠቋሚዎችም አሉ። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሕዋስ ሲጎዳ የሚፈስ ፕሮቲን ነው። በዚያው በቫል-ሄፍት ከ4,053 ሕሙማን በቀድሞው መለኪያ ትሮፖኒን የታየባቸው 10.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። መለኪያው አሥር እጥፍ ሲሳል፣ በዚያው ደም ውስጥ፣ በ92 በመቶዎቹ ታየ። ልባቸው ቀስ እያለ ሲያልቅ የነበሩ ሰዎች አልተለወጡም፤ የተሳለው መሣሪያው ነው። ኤስቲ2 የሚባለው ደግሞ ከልብ ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው የተለጠጠ የልብ ሕዋስ ሲጠና ነው፤ በኩላሊት፣ በዕድሜና በውፍረት ያን ያህል አይናወጥም። ጋሌክቲን-3 ከጠባሳ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከኩላሊት ጋር በጣም ስለተሳሰረ ብቻውን የሚጨምረው ትንሽ ነው።

ቁራጩም የራሱ ዝንባሌ አለው። በወፍራም ሰው ዝቅ ይላል። በአዛውንት፣ ኩላሊቱ በደከመና የልብ ምቱ በተዛባ ሰው ከፍ ይላል። ለዚህ ነው በድንገት ትንፋሽ ላጠረው ሰው መነሻው በዕድሜ የሚከፈለው፦ ከ50 ዓመት በታች 450፣ ከ50 እስከ 75 ድረስ 900፣ ከዚያ በላይ 1,800። ከ300 በታች ከሆነ ድንገተኛ የልብ ድካም መሆኑ በጣም ያጠራጥራል።

ይህ ወደ እኛ ያመጣኛል። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 1,006 ሕሙማንን የመዘገበውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ቴሰስ-ኤችኤፍ የተባለ ጥናት የሕሙማኑን አማካይ ዕድሜ 52 አድርጎ አገኘው። በበለጸጉት አገሮች ይህ ሕመም የአዛውንት ነው፤ እዚህ የሚሠራና ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው። ምክንያቱም ይለያል። ደም ግፊት ትልቁን ድርሻ ሲይዝ፣ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ባስከተለው ሩማቲክ ትኩሳት የተበላሸ ቫልቭ ከ14 በመቶ በላይ ሆኗል። ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ሲጠብ ደግሞ የግራው ታችኛ ክፍል አይለጠጥም፤ ጫናው የሚያርፈው በግራው ላይኛ ክፍል፣ በሳንባና በቀኙ የልብ ክፍል ላይ ነው። ቁራጩ ከዚያ በኩል ይወጣል፤ ግን ቁጥሩ የሚነበበው ከልብ አልትራሳውንድ ጋር አብሮ ነው። በሌላ ሕዝብ፣ በሌላ ዕድሜ፣ በሌላ ሕመም ላይ የተቆረጠ መነሻ እንዳለ አይገጥምም፤ በልክ መሰፋት አለበት።

ባለሙያዋ የመጨረሻውን ወረቀት ስታወጣ ከቁጥሩ ጎን የተለካበት ዘዴ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ነበር። ይህ ምርመራ ከታዘዘልዎ ወይም ለቤተሰብዎ ከታዘዘ፣ ወረቀቱን አይጣሉት። ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ደም ከመቀዳትዎ በፊት ይናገሩ። የሚቀጥለውን ምርመራ ከተቻለ እዚያው ላብራቶሪ ያድርጉት፤ ወደ ሐኪምዎ ሲሄዱም ሁለቱን ወረቀቶች ይዘው ይግቡ።